መዘመር የማያስተምር ትምህርት ቤት ግማሽ ሰው ነው የሚያወጣው

ወንድሞች፣ እህቶች፣ ዛሬ ከዕለቱ ወሬ ወጣ እንበልና አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በተማራችሁበት ትምህርት ቤት ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር አንድ ዜማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አስተማሪ እየመራችሁ፣ ትንፋሽ እየጠበቃችሁ፣ የጎናችሁን ልጅ ድምፅ እየሰማችሁ የዘመራችሁት መቼ ነው?

«ጠዋት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል» የሚል ይኖራል። እሺ፣ እሱንም በሐቅ እንየው። በስንቱ ግቢ ነው ልጁ ራሱ የሚዘምረው? ድምፅ ማጉያው ይዘምራል፣ ተማሪው ቆሞ ይሰማል። ከፊት ያሉት ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ከኋላ ያሉት የማታውን ኳስ ያወራሉ። መዝሙሩ አለቀ፣ ወደ ክፍል ግቡ፣ በቃ። ስለ ሀገር ፍቅር ቀኑን ሙሉ የምንጽፍ ሰዎች ልጆቻችን የሀገራቸውን መዝሙር በቴፕ ሲያስዘምሩ ዝም ካልን የምንጽፈው ነገር ምን ዋጋ አለው?

መልሱን አውቀዋለሁ። «ሀገር በዚህ ሁኔታ ላይ ሆና ስለ ዘፈን ታወራለህ? የ12ኛ ክፍል ውጤት አላየህም?» ትሉኛላችሁ። አይቻለሁ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ከፍ የሚሉ ብቻ ነበሩ። የሚያስደነግጥ ቁጥር ነው፣ ማንም አያስተባብለውም።

ግን እስቲ አስቡት። እነዚያ የወደቁት ልጆች ሲዘምሩ ነው እንዴ የወደቁት? የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ በብዙ ትምህርት ቤት ድሮ ተወስዷል። ለሒሳብ ማካካሻ፣ ለእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ፣ አስተማሪ ሲቀር ደግሞ ለጥበቃ ሰዓት ተሰጥቷል። ሙዚቃን መቀነስ ፈተና የሚያሳልፍ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ዓለምን በቀደምን ነበር። ቀነስነው፣ አላለፍንም። ስለዚህ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

«ሙዚቃ የተማረ ልጅ በሒሳብ ይጎብዛል» ብዬም አልከራከራችሁም። እንደዚያ የሚሉ ሰዎች አሉ፣ የእኔ ነገር ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ሒሳብን የምናስተምረው እግር ኳስ እንዲያስችል ነው እንዴ? አይደለም፣ ለራሱ ነው። ሙዚቃም እንደዚሁ ነው። ልጅ ጭንቅላት ብቻ አይደለም። ጆሮ አለው፣ ሳንባ አለው፣ እጅ አለው፣ የሚፈራ ልብ አለው፣ ከሰው ጋር የሚኖር ፍጥረት ነው። እነዚህን ሁሉ በር ላይ አስቀምጠህ ጭንቅላትህን ብቻ ይዘህ ግባ የሚል ትምህርት ቤት ሰው አያወጣም።

አንድ ልጅ ሲዘምር ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ምክንያቱም የተጣጠፈ ሰውነት ትንፋሽ አይዝም። ቃሉን ጥርት አድርጎ ያወጣል፣ ምክንያቱም የተዋጠ ቃል ዜማውን ያበላሻል። ግጥሙን በቃሉ ይይዛል። መሪውን በዓይኑ ይከተላል፣ ጓደኛውን በጆሮው ይከተላል። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ በሃያ ድምፅ መካከል ድምፅዋን ታወጣለች፤ ከወር በኋላ ብቻዋን ታወጣለች። ሲናገር የሚንተባተብ ልጅ ሲዘምር ብዙ ጊዜ ቃሉ አይያዝበትም። ይሄ ተአምር አይደለም፣ የዜማ ሥራ ነው።

ይሄ ነገር ከውጭ የመጣብን አይደለም

«ሁለንተናዊ ስብዕና» የሚለውን ቃል በስልጠና ላይ ስንሰማ አዲስ ነገር ይመስለናል። አባቶቻችን ቃሉን ሳይፈልጉት ሠርተውበታል። የዜማ ቤቱን አስቡት። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማር ተማሪ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ከየኔታ አፍ እየሰማ፣ እየተሳሳተ፣ እየታረመ ዓመታት ይቀመጣል። ድጓውን በድምፅ ይይዛል። አቋቋም ሲገባ ደግሞ ዜማው ወደ እግሩ፣ ወደ እጁ ይወርዳል፤ በመቋሚያው፣ በጸናጽሉ፣ በከበሮው። ድምፅ፣ አካል፣ ትዝታ፣ ትዕግሥት፣ ከሰው ጋር እኩል መራመድ፣ ሁሉም በአንድ ትምህርት። የጎንደር ቤተ ልሔም ስሟ በድጓ የገነነው በዚህ ነው።

ወሎ ውረዱና መንዙማውን ስሙ። መሪው ያወጣል፣ ጀማው ይቀበላል፣ ከበሮው ሁሉንም ይይዛል። እዚያም ልጅ ከአባቱ ጎን ቁጭ ብሎ በመስማት ነው የተማረው።

አሁን ደግሞ ወደ እምቢልታ። ይሄንን ሁሉም ወጣት ቢያውቀው ደስ ይለኛል። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም። አንድ ሰው አንድ እምቢልታ ይዞ ዜማ ልጫወት ቢል አይችልም፣ የሚያወጣው ድምፅ አንድ ሁለት ብቻ ነው። ዜማው የሚገኘው ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ እምቢልታ ይዘው፣ እያንዳንዱ ተራውን እየጠበቀ ሲነፋ ነው። ደራሼ ሂዱ፣ ፊላውን ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው የሸምበቆ መሣሪያውን ይዞ ይሰለፋል፣ እያንዳንዱ የያዘው ጥቂት ድምፅ ነው፣ ሙዚቃው ግን የሁሉም ነው። ዶርዜዎችን ስሟቸው። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ መሀል ገብቶ ይዘፍናል፣ አንዱም ሌላውን አይሰርዝም።

ሀገር ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ መማሪያ መጽሐፍ ካለ አሳዩኝ። «እኔ ያለኔ ወገን ዜማ አይሞላም» የሚለውን ነገር ሦስት እምቢልታ ነፊዎች ሳይናገሩ ያስተምሩታል። የስነ ዜጋ አስተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው ግን ልጁ ለፈተና ሸምድዶ ይረሳዋል።

ባንዱስ?

የናስ ባንድ በእኛ ሀገር የተስፋፋበት መንገድ ራሱ ትምህርት ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲሄዱ በአርመኖች ገዳም የሚኖሩ ወላጆቻቸውን በጭፍጨፋ ያጡ ልጆች በባንድ ሲጫወቱ ሰሙ። አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሁሉን ያጡ ልጆች ነበሩ። እጃቸው ላይ የተሰጣቸው ትራምፔትና ክላርኔት ነበር። በዚያ መሣሪያ ለራሳቸው እንጀራ፣ ለእኛ ደግሞ የዘመናዊ ሙዚቃ መሠረት ሆኑ። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ ባንዶች እየተከታተሉ መጡ፤ ዛሬ በጆሮ ማዳመጫ የምትሰሟቸው የወርቃማው ዘመን ዘፈኖች ከእነዚህ ቤቶች ነው የወጡት። ዛሬ በጦርነትና በመፈናቀል ቤታቸውን፣ ትምህርት ቤታቸውን ያጡ ልጆቻችን በየመጠለያው አሉ። ብስኩትና ብርድ ልብስ ይዘን እንሄዳለን፣ ይበል የሚያሰኝ ነው። አንድ ከበሮ ይዞ የሄደና ልጆቹን ያስዘመረስ ስንቱ ነው?

ባንድ ውስጥ ልጅ የሚማረውን ሌላ ቦታ አያገኘውም። ትራምፔት የያዘው ስምንት ምት ይነፋና አሥራ ስድስት ምት ዝም ይላል። ዝም ሲል ግን አላረፈም፣ እየቆጠረ ነው። አንድ ምት ቀድሞ ከገባ ሠላሳ ሰው ያበላሻል። ዝምታም ሥራ እንደሆነ፣ የሌላው ተራ የእኔም ጉዳይ እንደሆነ ይገባዋል። ትልቁን ከበሮ የሚመታው ልጅ ደግሞ ማንም አያጨበጭብለትም፣ ቡም ቡም ብቻ ነው። እሱ ከሳተ ግን ሰልፉ ሁሉ እግሩ ይጠፋዋል። ታዋቂ ሳይሆኑ አስፈላጊ መሆን የሚባለውን ነገር ይሄ ልጅ በ12 ዓመቱ አውቆታል። ላይክ ካላገኘን የሠራን ለማይመስለን ለእኛ ትውልድ ይሄ ትንሽ ትምህርት ነው?

ትምህርት ቤት ያላየው ተሰጥኦ

ጥላሁን ገሠሠን የማያውቅ የለም። ትንሽ ልጅ ሳለ ወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር ዝንባሌውን አይተው ያበረታቱት ርዕሰ መምህሩ ነበሩ፤ ሱዳናዊው ሚስተር ሸዳድ። «ዝም በል፣ ደብተርህን አውጣ» ብለውት ቢሆን ኖሮስ? ሙላቱ አስታጥቄስ? ከኢትዮጵያ የሄደው ምህንድስና ሊማር ነው። እዚያ ዌልስ የገባበት ሊንዲስፋርን ኮሌጅ የሚባል ትምህርት ቤት ግን ለተማሪው ሙዚቃም ስለሚሰጥ ልጁ ራሱን አገኘ። ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ፣ ከዚያ ኢትዮ ጃዝ። የእኛን ቅኝት ዓለም ያወቀው አንድ የባዕድ ትምህርት ቤት በክፍለ ጊዜ ሠንጠረዡ ላይ ሙዚቃ ስላስቀመጠ ጭምር ነው። ይሄ ሊያኮራንም ሊቆጨንም ይገባል።

ግን ተጠንቀቁ፣ ክርክሬ «ብዙ ጥላሁን እናወጣለን» አይደለም። ከሺህ አንዱ ዘፋኝ ቢሆን ነው። እኔ የማወራው ስለ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ነው። ነርስ፣ ሹፌር፣ ገበሬ፣ መሐንዲስ ለሚሆኑት። እነሱም ጆሮ ያስፈልጋቸዋል፤ ትንፋሽም፣ ከሰው ጋር አብሮ መራመድም ያስፈልጋቸዋል።

ሌሎች ሕዝቦች ምን አደረጉ?

ሃንጋሪዎች ዞልታን ኮዳይ የሚባል የዜማ ደራሲ ነበራቸው። መንደር ለመንደር እየዞረ የገበሬውን ዘፈን ሰበሰበና «ልጅ የመጀመሪያ የሙዚቃ ቋንቋው የራሱ ሕዝብ ዜማ ነው፣ የመጀመሪያ መሣሪያው ደግሞ የራሱ ጉሮሮ ነው» የሚል ሐሳብ ይዞ ትምህርት ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1950 በትውልድ ከተማው በኬችኬሜት ልጆች በየቀኑ የሚዘምሩበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዘዴው ዛሬ በብዙ ሀገር ይሠራበታል።

ኢስቶኒያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሕዝብ በጣም ያነሰ ሕዝብ ያላት ሀገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1869 በታርቱ ከተማ የመዝሙር በዓል ጀመሩ። በዓሉ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይመለሳል፣ የትምህርት ቤት መዘምራንም ለእሱ ይለማመዳሉ። በሶቪየት ዘመን ማብቂያ ላይ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ዘመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ነፃነታቸውን መለሱ። ያንን ጊዜ እስከ ዛሬ «የመዝሙር አብዮት» ይሉታል። ልብ በሉ፣ አደባባይ ላይ አብሮ መዘመር የቻለው ክፍል ውስጥ አብሮ መዘመር የተማረ ሕዝብ ነው።

መንጋና መዘምራን

ዋናው ነገሬ እዚህ ነው። መጮህ የሚችል ወጣት ሞልቷል። መፈክር ማሰማት፣ ስድብ በዜማ ማቀባበል፣ ሰው የሚያሳድድ ዘፈን ማጋራት በአንድ ቀን ይለመዳል። መንጋ ውስጥ ያሸነፈው በጣም የጮኸው ነው። መዘምራን ውስጥ ግን ከሁሉ በላይ የጮኸው ይታረማል። «ዝቅ አድርግ፣ የጎንህን ስማ» ይባላል። መንጋም መዘምራንም አንድ ላይ ድምፅ ያወጣሉ፣ ልዩነቱ መስማት ላይ ነው። ወገኑን የሚወድ ወጣት ከሁለቱ የትኛው እንዲሆን ነው የምንፈልገው?

ደግሞ ሌላም አለ። ልጆቻችን መዘመር ጨርሶ አልተዉም። ክርስቲያኑ በሰንበት ትምህርት ቤት ይዘምራል፣ ሙስሊሙ በመንዙማና በነሺዳው፣ ፕሮቴስታንቱ በኳየሩ። በየቤተ እምነታቸው የሚደነቅ ሥራ እየተሠራ ነው። ግን ሁሉም በየበኩሉ ነው። የሁሉም ልጅ በአንድ ላይ፣ በአንድ ትንፋሽ ሊዘምርበት የሚችል አንድ ቦታ ቢኖር ትምህርት ቤቱ ነው። እሱን ቦታ ዝም ካሰኘነው አብረው የዘመሩት ነገር የሌላቸው ልጆች ሆነው ያድጋሉ። አብሮ ያልዘመረ ሰው አብሮ ለመኖር ይከብደዋል።

«ዘፈን ነውር ነው» ለምትሉ

ቤተሰብ «ልጄን ዘፋኝ አታድርጉብኝ» ይላል። ስጋቱን አልንቅም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስንሳደብ «አዝማሪ» እንላለን አይደል? አዝማሪ የሚለው ቃልና መዝሙር የሚለው ቃል ከአንድ ሥር ነው የወጡት፤ ከ«ዘመረ»። አንዱን አክብረን ሌላውን ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። ሠርጋችንን የሚያደምቀውን፣ ጀግናችንን የሚያወድሰውን፣ ሐዘናችንን የሚያወጣልንን ሰው ንቀን፣ ጥበቡን ልጆቻችን እንዳይነኩት ከለከልን። ኋላ ደግሞ «ባህላችን እየጠፋ ነው» ብለን ፖስት እናደርጋለን። ትምህርት ቤት የማንንም እምነት አይነካ፣ እሱ ትክክል ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬን ማወቅ ግን እምነት አይነካም። ባቲ ከተማ ነው፣ አምባሰል ተራራ ነው፤ የሀገር ጂኦግራፊ ነው የምናስተምረው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በወረቀት ላይ ትምህርቱ አለ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «ክወናና ዕይታ ጥበባት» ተብሎ ገብቷል። ችግሩ አንድ አስተማሪ ሙዚቃውንም፣ ሥዕሉንም፣ ቴአትሩንም ብቻውን እንዲሸከም መደረጉ ነው፤ እጁ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠመኔ ብቻ ነው ያለው። «በጀት እስኪመጣ» ብሎ መቀመጥ ይቻላል። ወይም ዛሬ መጀመር ይቻላል። እኔ የሚቻለውን ልንገራችሁ፦

1. ጠዋት ቴፑን ዝጉት። ልጆቹ ራሳቸው ይዘምሩ። መጀመሪያ ይበላሻል፣ ይሳቃል፣ ምንም አይደለም። በአንድ ወር ይስተካከላል። ለዚህ አንድ ሳንቲም አያስፈልግም።

2. የተማራችሁበት ትምህርት ቤት ሂዱና ሚኒ ሚዲያውን ወይም ኪነት ክበቡን ጠይቁ። ክራር ወይም ማሲንቆ የምትችሉ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ስጡ። አስተማሪውን ልትተኩት አይደለም፣ ልታግዙት ነው። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዱ፣ በሥነ ሥርዓት ግቡ።

3. ከመሣሪያው በፊት ድምፅ ይቅደም። ከዚያ ከበሮ። ከዚያ ዋሽንት፤ ሸምበቆ ነው፣ የአካባቢ ሰው ይሠራዋል። ከዚያ ክራር። ናሱ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ውድ ነው፣ ጥገናም ይፈልጋል። ትራምፔት ገዝቶ ሳጥን ውስጥ የሚቆልፍ ትምህርት ቤት አይጠቅመንም።

4. የሰፈራችሁን አዛውንቶች ቅዱ። የእንቁጣጣሽ፣ የቡሄ፣ የሠርግ፣ የደቦ ዜማ የሚያውቁ እናቶችና አባቶች አሁንም አሉ። ስልካችሁ ለዚህም ይሠራል። የተቀዳውን ለትምህርት ቤቱ ስጡ፣ ልጆቹ ይማሩት። የአንድ ሰፈር ብቻ አይሁን፣ የጎረቤቱንም ቋንቋ ዜማ ጨምሩበት።

5. ውጭ ሀገር ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ውስጥ ባንድና መዘምራን እንዳላቸው ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። ልጃችሁ ትቶት ያደገው ክላርኔት አልጋ ሥር ካለ፣ ከመላካችሁ በፊት ግን የሚያስተምርበት ሰው መኖሩን ጠይቁ። የአስተማሪ ስልጠና መደገፍ ከመሣሪያ መላክ ይበልጣል።

6. ወላጆች፣ የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የልጄ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ የት ሄደ?» ይሄንን ጥያቄ አሥር ወላጅ ቢጠይቅ ክፍለ ጊዜው ይመለሳል።

ሀገር የምትገነባው በሲሚንቶ ብቻ አይደለም፣ በቁጣም አይደለም። እርስ በርሱ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋታል። መስማት ደግሞ በምክር አይመጣም፤ በልምምድ ነው፣ በልጅነት ነው፣ ከጎን ካለው ጋር አንድ ዜማ ይዞ በመቆም ነው። ሦስት እምቢልታ አንድ ዜማ እንደሚሠራ ያወቀ ሕዝብ ልጆች ነን። ልጆቻችንን ዝም አናሰኛቸው።

ሐሳቡ ከገባችሁ ለአንድ አስተማሪ ላኩለት። ከዚያ ስልኩን አስቀምጡና ነገ ጠዋት በሰፈራችሁ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማችሁ አዳምጡ። የሚዘምረው ልጁ ነው ወይስ ድምፅ ማጉያው? መልሳችሁን ከታች ጻፉልን።